ከጅማ ተነሥቶ የአውሮፕላን ጥገና ፈቃድ ማውጣት፦ ሰነድ፣ የልምድ መዝገብ፣ ፈተናና ፊርማ

ጅማ ላይ የአውሮፕላን ጥገና ሙያ የሚመኝ ወጣት መጀመሪያ የሚጠይቀው «የት ልመዝገብ?» ብሎ ነው። ከምዝገባው በፊት ግን ሦስት ወረቀቶችን መለየት ያስፈልጋል፤ አንድ አድርጎ ያያቸው ሰው ዓመታት ያባክናል።

አንደኛው የትምህርት ማስረጃ ነው። ዲፕሎማም ይሁን ዲግሪ፣ የሰጠው ተቋም «ይህን ተምሯል» ይላል፤ ከዚያ አያልፍም። ሁለተኛው ፈቃዱ፣ በሙያው ሰዎች አነጋገር ላይሰንሱ ነው። ይህን የሚሰጠው መንግሥት ነው፤ በእኛ አገር የኢትዮጵያ ሲቪል አቪዬሽን ባለሥልጣን። አየር መንገድ ፈቃድ አይሰጥም፣ ማሠልጠኛ ተቋምም አይሰጥም። ሦስተኛው የጥገና ድርጅቱ የሚሰጠው የመፈረም ውክልና ነው። ድርጅቱ ፈቃድዎን፣ በአውሮፕላኑ ዓይነት ላይ የወሰዱትን ሥልጠናና የቅርብ ጊዜ ልምድዎን አይቶ «በዚህ አውሮፕላን፣ በዚህ ሥራ፣ እስከዚህ ቀን ድረስ በእኔ ስም ይፈርሙ» ብሎ ወረቀትና ማኅተም ይሰጥዎታል። ከድርጅቱ ሲለቁ ውክልናውም ማኅተሙም እዚያው ይቀራሉ፤ ፈቃዱ ግን የእርስዎ ነውና አብሮዎት ይሄዳል።

ስለዚህ ከጅማ ቴክኖሎጂ ኢንስቲትዩት፣ ከኪቶ ፉርዲሳ ግቢ፣ በሜካኒካል ወይም በኤሌክትሪካል ምህንድስና የተመረቀ ሰው ውጤቱ የቱንም ያህል ቢያምር አውሮፕላን ላይ ለመፈረም ገና መንገድ ይቀረዋል። ዲግሪው ፈተናውን ያቀልለታል፣ የሥራ በርም ይከፍትለታል። የልምዱን ዓመታት ግን አይተካለትም።

ሕጉ የሚጠይቀው

መነሻው የዓለም አቀፉ ሲቪል አቪዬሽን ድርጅት፣ የኢካኦ፣ አባሪ 1 ነው። አባል አገሮች የራሳቸውን ደንብ የሚያወጡት ከዚያ በታች ሳይወርዱ ነው። አባሪው ለጥገና ባለሙያ ፈቃድ ቢያንስ 18 ዓመት ዕድሜ ይጠይቃል። ዕውቀት የሚፈተነው በአምስት ዘርፍ ነው፦ የአየር ሕግና የበረራ ብቃት መስፈርት፣ የተፈጥሮ ሳይንስና የአውሮፕላን አጠቃላይ ዕውቀት፣ የአውሮፕላን ምህንድስና፣ የአውሮፕላን ጥገና፣ እንዲሁም የሰው ልጅ የሥራ ብቃትና ውስንነት። ልምድ ደግሞ 4 ዓመት ነው። ዕውቅና ያለው ሥልጠና ላጠናቀቀ ሰው 2 ዓመት ይበቃል።

ይህ የ4 እና የ2 ልዩነት የኪስ ጉዳይ ነው። ልምዱን በግማሽ የሚቀንሰው «ሥልጠና» የሚባል ነገር ሁሉ አይደለም፤ ባለሥልጣኑ በስም ያጸደቀው ኮርስ ብቻ ነው። ስለዚህ ለማንኛውም ተቋም ገንዘብ ከመክፈልዎ በፊት ሁለት ነገር ይጠይቁ፦ የጸደቀበትን ሰርተፊኬት፣ እና እርስዎ የሚገቡበት ኮርስ በዚያ ሰርተፊኬት ዝርዝር ውስጥ መኖሩን። ተቋሙ ለበረራ አስተናጋጅነት ወይም ለቲኬት ሽያጭ ሥልጠና ፈቃድ ኖሮት ለጥገና ላይኖረው ይችላል። ሰርተፊኬቱን ለማሳየት የሚያንገራግር ተቋም ውስጥ አይግቡ።

የጤና ምርመራን በተመለከተ፣ አባሪ 1 ለአብራሪና ለአየር ትራፊክ ተቆጣጣሪ የሚጠይቀውን የሕክምና ማረጋገጫ ለጥገና ባለሙያ አይጠይቅም። ቀጣሪዎች ግን ዓይንን፣ በተለይ ቀለም መለየትን፣ ብዙ ጊዜ ይፈትሻሉ። ምክንያቱ ግልጽ ነው፤ የኤሌክትሪክ ሽቦና የማስጠንቀቂያ መብራት በቀለም ይለያሉ። ጅማ እያሉ ዓይንዎን ማስመርመር ትንሽ ወጪ ነው፣ ከሩቅ የሚመጣ ድንጋጤንም ያስቀራል።

ከጅማ የሚወስዱት መንገዶች

ዋናው በር አዲስ አበባ የሚገኘውና በኢትዮጵያ አየር መንገድ ሥር ያለው የኢትዮጵያ አቪዬሽን ዩኒቨርሲቲ ነው፤ የአውሮፕላን ጥገና ሥልጠና ይሰጣል። ማስታወቂያ ሲወጣ ሦስት ነገር ቶሎ ይመልከቱ፦ የምዝገባ ቦታዎች ውስጥ ጅማ መኖሩን፣ ሥልጠናው በራስ ወጪ ነው ወይስ በድርጅቱ፣ እና የሚጠየቀውን የትምህርት ውጤትና ዕድሜ። ወጪ ሸፍኖ የሚያስተምር ድርጅት ብዙ ጊዜ የአገልግሎት ግዴታ ውልና ዋስ ይጠይቃል። ውሉን ከዋስዎ ጋር ሆነው ያንብቡ። ግዴታው መቆጠር የሚጀምረው ከምረቃ ነው ወይስ ከቅጥር? ቢያቋርጡ የሚከፈለው ምን ያህል ነው? ዋሱ ያጎትዎ ልጅ ወይም የሰፈር ሽማግሌ ሲሆን ይህ ጥያቄ የቤተሰብ ጉዳይ ይሆናልና ሳይፈርሙ ይጥራ።

ሁለተኛው መንገድ ተመርቆ በጥገና ድርጅት ውስጥ በረዳትነት ወይም በሠልጣኝ መሐንዲስነት መቀጠርና ልምዱን እዚያው መሰብሰብ ነው። ረዥም ነው፤ መዝገቡን በሥርዓት ለያዘ ግን ያደርሳል።

«ቦታ አስገኝልሃለሁ» የሚል ደላላ ምንም ዓይነት መንገድ የለውም። ፈቃድ አይገዛም፤ በሐሰት ልምድ የወጣ ፈቃድም በማንኛውም ምርመራ ላይ ይሰረዛል፣ የፈረመለትንም ሰው ይዞ ይወድቃል።

ጅማ ተቀምጠው የሚሠሩትም አለ። ጋራዥ መግባት እጅ ያፈታል፤ ብሎንና ዳዶ፣ ካቻቢቴ፣ ኩሽኔታ፣ ፍሬን፣ መለኪያ አያያዝ ይማሩበታል። የባጃጅና የመኪና ጋራዥ ልምድ ግን የአውሮፕላን ልምድ ሆኖ አይቆጠርም። በአውሮፓ ሥርዓት በተዛማጅ ሙያ የሠለጠነ ሰው የሚጠየቀው ዓመት ቢቀንስለትም ቢያንስ 1 ዓመት የቅርብ ጊዜ ልምድ አውሮፕላን ላይ መሆን አለበት።

ሒሳብና ፊዚክስ እዚሁ ሆነው ማጥራት ይችላሉ። በከተማዎ ቁጥር ይለማመዱ። የጅማ ከፍታ በ1,700 ሜትር ቢያዝ በመደበኛው ከባቢ አየር ግፊቱ ወደ 825 ሄክቶፓስካል ይወርዳል፤ በባሕር ወለል 1013.25 ነበር። ሙቀቱ በየኪሎ ሜትሩ 6.5 ዲግሪ ስለሚቀንስ መደበኛው ሙቀት 15 ሲቀነስ 11፣ ማለትም 4 ዲግሪ ገደማ ነው። ጅማ 25 ዲግሪ በሆነባት ቀን እንግዲህ አየሩ ከመደበኛው በ21 ዲግሪ ይሞቃል፤ አየሩ ይሳሳል፣ ክንፍም ሞተርም ፕሮፔለርም የሚያገኙት ጉልበት ይቀንሳል። ይህን በራሱ አስልቶ የገባው ሰው የኤሮዳይናሚክስ ፈተና ላይ ቀመር በቃል አይሸመድድም።

ሰነድ፦ ስምና ቀን

የፈቃድ ማመልከቻ ከሚጓተትባቸው ነገሮች ሁለቱ በጣም ተራ ናቸው። ከጅማ አዲስ አበባ 350 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፤ የጊቤን በረሃ አቋርጦ ሄዶ በአንድ ፊደል ምክንያት መመለስ ያንገበግባል።

ስም በሁሉም ሰነድ ላይ አንድ ዓይነት መጻፍ አለበት። እዚህ አካባቢ ችግሩ ይበረታል፤ የልደት ሰርተፊኬት በቁቤ፣ የትምህርት ማስረጃ በእንግሊዝኛ አጻጻፍ፣ ሌላው ሰነድ በአማርኛ ይሆናል። ጫላ የሚለው ስም በቁቤ ሲጻፍ በ«ሲ» ፊደል ብቻ ይጀምራል፤ በእንግሊዝኛ አጻጻፍ ግን «ሲ» እና «ኤች» ይደረደራሉ። ጣሂር በቁቤ በ«ኤክስ» ሲጀምር በፓስፖርት ላይ በ«ቲ» ይሆናል። ለጅማ ሰው አንድ ስም ነው፤ ሰነድ ለሚመረምር ሠራተኛ፣ በተለይ ለውጭ አገር ሠራተኛ፣ ሁለት ሰው ነው። መፍትሔው ፓስፖርቱን መሠረት ማድረግ ነው። መጀመሪያ ፓስፖርት ያውጡ፤ ከዚያ በኋላ የሚወጣ ማናቸውም ሰነድ፣ ከሥልጠና ሰርተፊኬት እስከ ልምድ መዝገብ፣ የፓስፖርቱን አጻጻፍ ፊደል በፊደል ይከተል። የአያት ስምም አንዱ ላይ ገብቶ ሌላው ላይ አይቅር። የቀደሙት ሰነዶች ከተለያዩ «ሁለቱም የአንድ ሰው ስም ናቸው» የሚል ማረጋገጫ አስቀድመው ያሠሩ።

ሁለተኛው ቀን ነው። የልምድ ደብዳቤ በኢትዮጵያ አቆጣጠር ተጽፎ «ዓ.ም.» ብቻ ሲል፣ ማመልከቻው ደግሞ በአውሮፓ አቆጣጠር ሲሞላ፣ የ7 ወይም የ8 ዓመት ክፍተት ይፈጠራል፤ በወረቀት ላይ ሳይወለዱ ሥራ የጀመሩ ሊመስሉ ይችላሉ። መጋቢት 5 ቀን 2016 እና ማርች 14 ቀን 2024 አንድ ቀን ናቸው፤ ሁለቱንም ጎን ለጎን ያስጽፉ። ወርን በቁጥር ሳይሆን በስሙ መጻፍም ይመረጣል፤ 03/04 ለአንዱ ማርች 4፣ ለሌላው ኤፕሪል 3 ነውና።

ሰዓትም እንዲሁ ነው። በአውሮፕላኑ የቴክኒክ መዝገብ ላይ በብዛት የሚገባው ዓለም አቀፉ ሰዓት ነው። በእኛ አቆጣጠር ከጠዋቱ 3 ሰዓት በአገራችን የ24 ሰዓት አጻጻፍ 09:00፣ በዓለም አቀፍ ሰዓት 06:00 ነው። ጀማሪ የሚሳሳተው «3 ሰዓት ልቀንስ» ብሎ ከሐበሻው ሰዓት ላይ ሲቀንስ ነው። መጀመሪያ ወደ 09:00 ይለውጡ፣ ከዚያ 3 ይቀንሱ።

የልምድ መዝገብ

ፈቃድ የሚገኘው ወይም የሚቀረው እዚህ ላይ ነው። 2 ወይም 4 ዓመት «ሠርቻለሁ» ማለት አይበቃም፤ የሠሩትን እያንዳንዱን ሥራ የሚያሳይ፣ ሱፐርቫይዘሩ በጊዜው የፈረመበት መዝገብ ይፈለጋል። ከመጀመሪያው የሥራ ቀን ጀምረው ይያዙት። «በኋላ እሞላዋለሁ» ያለ ሰው ከሁለት ዓመት በኋላ የፈረመለት ሱፐርቫይዘር ወደ ሌላ አገር ሄዶ፣ ታስክ ካርዱ (የእያንዳንዱ ሥራ ዝርዝርና ፊርማ ያለበት ወረቀት) መዝገብ ቤት ገብቶ ያገኘዋል።

ዳሽ 8 በተባለው አውሮፕላን ላይ ለተሠራ ሥራ ደካማ መዝገብ እንዲህ ይላል፦ «ዳሽ 8፣ ጎማ ተቀየረ።» ይህ ምንም አያስረዳም። ማን ቀየረው? የቱ ጎማ? በየትኛው ማኑዋል (የጥገና መመሪያ መጽሐፍ)?

ጠንካራው ግን ይህን ይመስላል፦ «መጋቢት 5 ቀን 2016 / ማርች 14 ቀን 2024። ዳሽ 8-400፣ የአውሮፕላኑ ምዝገባ ቁጥር። ምዕራፍ 32-40። የቁጥር 1 ዋና ጎማ፣ የግራ ውጭ፣ ከነቸርኬው ተቀየረ። ምክንያት፦ የመበላት ገደብ። የማኑዋሉ የሥራ ቁጥርና የእርማት ቀን። የታስክ ካርድ ቁጥር። እኔ የሠራሁት፦ በጃክ ማንሣት፣ ጎማውን ማውጣት፣ አክስሉን ማጽዳትና መፈተሽ፣ ጎማውን ማስገባት፣ የመጀመሪያውን ቶርክ (በተለካ ልክ ማጥበቅ) መስጠት። ሱፐርቫይዘሩ የሠራው፦ የመጨረሻ ቶርክና መቆለፊያ። የሱፐርቫይዘሩ ስም፣ የፈቃድ ቁጥር፣ ፊርማ።»

የመጨረሻው ክፍል፣ የእርስዎንና የሱፐርቫይዘሩን ድርሻ መለየቱ፣ ለመርማሪው ከሁሉም ይበልጣል። ያላደረጉትን አይጻፉ። የቃል ፈተና ላይ መርማሪው መዝገቡን ገልጦ «ይህን ጎማ ሲያስገቡ የአክስሉን ዳዶ ለምን ሁለት ጊዜ ቶርክ ይደረጋል?» ብሎ ይጠይቃል። የሠራ ሰው መልሱን ያውቀዋል፦ መጀመሪያ ጎማውን እያሽከረከሩ በከፍተኛው ልክ ማጥበቅ ኩሽኔታዎቹን ቦታ ቦታቸው ያስቀምጣል፤ ከዚያ ይላላና በዝቅተኛው ልክ እንደገና ይጠበቃል። በከፍተኛው ልክ ቢተው ኩሽኔታው ግሎ ይያዛል፤ ከልክ በታች ቢላላ ጎማው ይወዛወዛል። ልኩ ራሱ ከማኑዋሉ እንጂ ከቃል አይወሰድም።

የማኑዋሉን የምዕራፍ ቁጥሮች ቶሎ ይልመዱ፤ አብዛኞቹ አምራቾች በአንድ ዓይነት አከፋፈል ይጠቀማሉ። 21 አየር ማቀዝቀዣ፣ 24 ኤሌክትሪክ፣ 27 የበረራ መቆጣጠሪያ፣ 28 ነዳጅ፣ 29 ሃይድሮሊክ፣ 32 ማረፊያ ጎማ፣ 34 ናቪጌሽን፣ 61 ፕሮፔለር፣ 72 ሞተር። መዝገብዎን በየሦስት ወሩ ገልጠው ምዕራፎቹን ይቁጠሩ። ከገጹ አብዛኛው 32 እና 12 (አገልግሎት መስጠት፣ ዘይት መሙላት) ከሆነ ልምድዎ ተዛብቷል ማለት ነው። ለሱፐርቫይዘርዎ «27 ላይ ሥራ ሲመጣ ይጥሩኝ» ይበሉ። አይናደዱም፤ ሥራ የሚጠይቅ ሠልጣኝ ይወደዳል።

መዝገቡን በወረቀት ይያዙ፣ በየወሩ መጨረሻ ገጾቹን ፎቶ አንሥተው ሌላ ቦታ ያስቀምጡ። ስርዝ ድልዝ አያድርጉ፣ ማጥፊያ ፈሳሽም አይቀቡ። ስህተት ካለ በአንድ መስመር ሰርዘው፣ የተሰረዘው እንዲነበብ ትተው፣ ትክክሉን ጽፈው፣ አጠገቡ ይፈርሙ። ይኸው ልማድ ነገ የአውሮፕላኑ መዝገብ ላይም ይጠየቃል።

ፈተናው

ብዙ አገሮች የሚከተሉት፣ መማሪያ መጻሕፍትም የተቀረጹበት፣ የአውሮፓው የአቪዬሽን ደኅንነት ኤጀንሲ፣ የኢያሳ፣ ክፍል 66 የሚባለው ደንብ አከፋፈል ነው። ምድብ ኤ ቀላል የመስመር ጥገና (በበረራዎች መካከል የሚሠራ) ነው። ቢ1 አካል፣ ሞተር፣ ሜካኒካልና ኤሌክትሪክ ነው፤ ቢ1.1 ተርባይን አውሮፕላን፣ ቢ1.2 ፒስተን አውሮፕላን፣ ቢ1.3 እና ቢ1.4 ደግሞ ሄሊኮፕተሮች ናቸው። ቢ2 አቪዮኒክስ፣ ማለትም የአውሮፕላኑ ኤሌክትሮኒክስ፣ ነው። ሲ ትልቁን የሃንጋር (የአውሮፕላን መጠለያ) ጥገና አጠቃሎ የሚፈርም ነው። የአሜሪካው የአቪዬሽን ባለሥልጣን፣ ኤፍ ኤ ኤ፣ በሌላ መንገድ ይከፍላል፤ ኤርፍሬም (አካል) እና ፓወርፕላንት (ሞተር) ይባላሉ። የማለፊያ ነጥቡ በኢያሳ 75 ከመቶ፣ በኤፍ ኤ ኤ 70 ከመቶ ነው።

በኢያሳ የምርጫ ፈተና እያንዳንዱ ጥያቄ ሦስት ምርጫ አለው፣ በአማካይ 75 ሰከንድ ይሰጠዋል። 52 ጥያቄ ያለው ፈተና 65 ደቂቃ ሲሆን ለማለፍ 39 መመለስ አለብዎ። የተሳሳተ መልስ ነጥብ አያስቀንስም፤ ስለዚህ ባዶ የሚተው ጥያቄ አይኑር። የወደቀ ሰው ያንኑ ሞጁል (የፈተናውን ክፍል) ለመድገም 90 ቀን ይጠብቃል። የጸደቀ ተቋም የማጠናከሪያ ትምህርት ከሰጠው 30 ቀን ይበቃል።

ተፈታኞችን የሚጥለው ብዙ ጊዜ ከባዱ ሞጁል ሳይሆን የተናቀው ነው፦ የአቪዬሽን ሕግ፣ የሰው ልጅ የሥራ ውስንነት፣ የጥገና አሠራር። ምህንድስና የተማረ ሰው «ይህማ ወሬ ነው» ብሎ ያልፈዋል። ሕጉን ሲያጠኑ ለእያንዳንዱ አንቀጽ «ማን ይፈርማል? በምን ሥልጣን? እስከ መቼ?» እያሉ ያንብቡ።

የጥገና አሠራር ውስጥ ሁለት ስሌት ሁልጊዜ ይመጣል፤ ሃንጋር ውስጥም እንዲሁ። አንደኛው ቶርክ ሬንች (በተለካ ልክ የሚያጠብቅ መፍቻ) ላይ ማራዘሚያ ሲቀጠል ነው። የሚፈለገው 40 ኒውተን ሜትር፣ የሬንቹ ርዝመት 40 ሳንቲ ሜትር፣ በቀጥታ የተቀጠለው 10 ሳንቲ ሜትር ቢሆን ሬንቹ የሚሞላው 40 በ40 ተባዝቶ ለ50 ሲካፈል፣ ማለትም 32 ላይ ነው። ይህን ሳያሰላ 40 ላይ የሞላ ሰው ብሎኑን በ50 ያጠብቀዋል፤ ሩብ ያህል ይበልጣል። ብሎኑ ያን ቀን ላይበጠስ ይችላል፤ ተለጥጦ ይቆይና በሌላ ቀን፣ በሌላ ሰው በረራ ይበጠሳል። ሁለተኛው መለኪያ ማምታታት ነው። አንድ ፉት ፓውንድ 12 ኢንች ፓውንድ ነው፤ ማኑዋሉ በኢንች የጻፈውን በፉት ያነበበ 12 እጥፍ ያጠብቃል።

ለተግባር ፈተና ሴፍቲ ዋየር (ብሎን እንዳይላላ የሚይዝ ሽቦ) ማሰርን ቤትዎ ሆነው መለማመድ ይችላሉ፤ የተበሳ ብሎን፣ ፒንሳና ሽቦ ይበቃል። ውፍረቱ 0.032 ኢንች ለሆነ ሽቦ በአንድ ኢንች ከ6 እስከ 8 ጥምዝ ይፈለጋል። ሽቦው ብሎኑን ወደሚጠብቅበት አቅጣጫ ይሳብ፤ በተቃራኒው ከታሰረ ቢያምርም ዋጋ የለውም። በፒንሳ የተጨረሰ ወይም አንዴ የተፈታ ሽቦ ተመልሶ አይታሰርም።

ፈርመው ሲያስለቅቁ

የመልቀቂያ ፊርማ «ሥራው በጸደቀ ማኑዋል፣ በትክክለኛ መሣሪያ፣ በሕጋዊ ክፍል ተሠርቷል፤ አውሮፕላኑ ለበረራ ብቁ ነው» የሚል የግል ቃል ነው። ከመፈረምዎ በፊት ማኑዋሉ የመጨረሻው እርማት መሆኑን፣ የቶርክ ሬንቹ የካሊብሬሽን (የልክ ማረጋገጫ) ቀን አለማለፉን፣ የገባው ክፍል ኢያሳ ፎርም 1 ወይም ኤፍ ኤ ኤ 8130-3ን የመሰለ የመልቀቂያ ወረቀት መያዙንና በወረቀቱና በክፍሉ ላይ ያለው ቁጥር አንድ መሆኑን በዓይንዎ ያረጋግጡ። መሣሪያዎን ይቁጠሩ። አንድ ካቻቢቴ ከጎደለ አውሮፕላኑ አይለቀቅም።

ይህ ሁሉ ጥንቃቄ በደም የተጻፈ ነው። ጁን 1990 በአውሮፓ አቆጣጠር፣ የብሪቲሽ ኤርዌይስ በረራ 5390 አየር ላይ እያለ የካፒቴኑ መስታወት ተነቅሎ በረረ፤ ካፒቴኑ በወገቡ ወደ ውጭ ተስቦ ወጣ፣ ባልደረቦቹ እግሩን ይዘው አተረፉት። መስታወቱ የተቀየረው ከበረራው 27 ሰዓት ገደማ አስቀድሞ ነበር። ከ90 ብሎኖች 84ቱ ከሚገባው የቀጠኑ፣ 6ቱ ደግሞ ያጠሩ ነበሩ። ሠራተኛው ልምድ ያለው፣ የፈረቃው ኃላፊ ነበር፤ አዲሱን ብሎን የመረጠው ከክፍሎች ካታሎግ ሳይሆን ከአሮጌው ብሎን ጋር በዓይን አወዳድሮ ነው። አሮጌውም ትክክለኛ አልነበረም።

በሴፕቴምበር 11 ቀን 1991፣ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር፣ በቴክሳስ የወደቀው የኮንቲኔንታል ኤክስፕረስ በረራ 2574 ደግሞ ፈረቃ ርክክብን ያስተምራል። አንዱ ፈረቃ ከጅራቱ ክንፍ የግራ የፊት ጠርዝ 47 ብሎን ፈትቶ ሄደ፤ ቀጣዩ ፈረቃ መፈታታቸውን አላወቀም፣ አልመለሳቸውም፤ መፈታታቸው ታስክ ካርዱ ላይ አልተጻፈም ነበር። በአውሮፕላኑ የነበሩት 14 ሰዎች በሙሉ ሞቱ። እንግዲህ የጀመሩትን ሥራ ሳይጨርሱ ከወጡ በቃል ብቻ አያስረክቡ። የፈቱትን እያንዳንዱን ነገር ታስክ ካርዱ ላይ ጽፈው፣ አውሮፕላኑ ላይም ማስጠንቀቂያ አንጠልጥለው ይሂዱ። የበረራ መቆጣጠሪያ ላይ የተነካ ነገር ካለ ሥራውን ያልሠራ ሁለተኛ ባለሙያ ለብቻው ይፈትሸው፤ አጠገብ ቆሞ ያየ ሰው ሁለተኛ ፈታሽ አይባልም።

ስለ ጫት በግልጽ መናገር ይገባል፤ እዚህ ከተማ የተለመደ ነገር ነውና። አባሪ 1 ማንኛውም ባለ ፈቃድ አእምሮን የሚለውጥ ንጥረ ነገር ተጽዕኖ ሥር ሆኖ እንዳይሠራ ይከለክላል። በዝርዝሩ ውስጥ አልኮል፣ ካናቢስ፣ ማስተኛ፣ ኮኬይንና ሌሎች አነቃቂዎች አሉ፤ ቡናና ትምባሆ በስም ተለይተው ወጥተዋል። ስለዚህ የጅማ ቡናዎን ጠጥተው ሥራ መግባት ሕግ አይከለክልም። ጫት ውስጥ ያለው ካቲኖን ግን አነቃቂ ነው። ምርቃናው ሰውን «ሁሉን አውቄዋለሁ» ያሰኘዋል፣ ሲለቀው ደግሞ ያልተኛ፣ የደከመና የሚነጫነጭ ያደርገዋል። ሁለቱም የታስክ ካርድ መስመር ያስዘልላሉ። በሽፍት የሚሠሩ ከሆነ ጫቱን ጨርሶ መተው እንጂ ሰዓት መቁጠር አያዋጣም።

በሌላ አገር ፈቃድ

አውሮፕላን የሚፈረመው በተመዘገበበት አገር ሥልጣን ነው። ምዝገባው በኢቲ የሚጀምር አውሮፕላን የኢትዮጵያ ነው። የሌላ አገር ምዝገባ ያለው አውሮፕላን ጅማ ላይ ቢያርፍና ቢበላሽ፣ የኢትዮጵያ ፈቃድ ስላለዎት ብቻ አይፈርሙበትም፤ የዚያ አገር ባለሥልጣን ወይም እሱ ያጸደቀው ድርጅት የሰጠው ሥልጣን ያስፈልጋል።

ወደ ባሕረ ሰላጤው አገሮች ሄደው መሥራት የሚፈልጉ ሰዎች ፈቃዳቸው እንዲሁ ይተላለፍላቸው ይመስላቸዋል። እያንዳንዱ አገር የራሱን ማረጋገጫ ያደርጋል፤ ከባለሥልጣን ለባለሥልጣን የሚላክ የማረጋገጫ ደብዳቤ፣ ብዙ ጊዜም ተጨማሪ ፈተና ይጠይቃል። የኤፍ ኤ ኤን ፈቃድ በተመለከተ አንድ አንቀጽ በደንብ ይወቁ፦ የአሜሪካ ዜጋ ወይም ነዋሪ ያልሆነ ሰው ከአሜሪካ ውጭ የመካኒክ ፈቃድ የሚሰጠው በአሜሪካ የተመዘገበን አውሮፕላን ለማብረር ወይም ብቃቱን ለመጠበቅ አስፈላጊ መሆኑ ሲታመን ብቻ ነው። «ጅማ ቁጭ ብለህ የአሜሪካ ላይሰንስ አወጣልሃለሁ» የሚል ሰው ሲያጋጥምዎ ይህን አንቀጽ ይጠይቁት።

ፈቃዱን በሕይወት ማቆየት

ፈቃድ ከወጣ በኋላም ይሞታል። የአባሪ 1 ደንብ ባለፉት 24 ወራት ውስጥ ቢያንስ 6 ወር የፍተሻ፣ የአገልግሎት ወይም የጥገና ሥራ ሳይሠሩ ወይም የፈቃዱን መስፈርት እንደገና ሳያሟሉ የፈቃዱን መብት እንዳይጠቀሙ ያዛል። ወደ ቢሮ ሥራ፣ ወደ ማስተማር ወይም ወደ ማስተርስ የተዛወሩ ሰዎች ይህን ይረሱታል። የልምድ መዝገቡን እንግዲህ ፈቃዱ በወጣ ማግስት አይዝጉት፤ በዚያው አጻጻፍ ይቀጥሉ፣ በየስድስት ወሩም ሱፐርቫይዘር ያስፈርሙበት። የኢያሳ ፈቃድ በ5 ዓመት ይታደሳል፤ የእርስዎ ፈቃድ የሚያበቃበትን ቀን ከፈቃዱ ላይ አይተው በሁለቱም አቆጣጠር ጽፈው ያስቀምጡ፣ ማደሻውንም ከሦስት ወር በፊት ይጀምሩ። ቀኑ ያለፈ ፈቃድ ይዞ የተፈረመ ሥራ እንዳልተፈረመ ይቆጠራል፤ አውሮፕላኑ ይቆማል፣ ሥራውም ሌላ ባለሙያ ቆሞበት እንደገና ይፈተሻል።

ማኅተምዎን ለማንም አያውሱ። ጓደኛዎ «እኔ ሠርቼዋለሁ፣ አንተ ብቻ አትምልኝ» ቢልዎ ሥራውን ሄደው ይዩ፤ የተዘጋውን ክዳን አስከፍተው ይዩ። መክፈት የማይቻል ከሆነ አይተሙ።